«ሁለት ፊልምና አንድ ዋንጫ»? ስለ ኃይሌ ገሪማ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ፊልም ሠሪው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የተጻፈ፣ «ሁለት ፊልምና አንድ ዋንጫ» የሚል ጽሑፍ ሦስት ጓደኞቼ በተለያየ ቀን ላኩልኝ። አንዱማ «ይኸው፣ አንተ የምትሟገትላቸው ሰውዬ» ብሎ ጨመረበት። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጽሑፉ ክፉ አይደለም። ጸሐፊው ሰውየውን እንደሚወዷቸው ያስታውቃል። ግን የ50 ዓመት ሥራቸውን ያሳጠሩበት መንገድ አላስቀምጥ አለኝ።

ላላነበባችሁት ሲጨመቅ እንዲህ ይላል። ኃይሌ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሠሪ ናቸው። ሲኒማን ያገኙት አሜሪካ ነው። የሚጠቀስ ሥራቸው «ሳንኮፋ» እና «ጤዛ» ብቻ ነው። «ሳንኮፋ» ዕድል ቀንቶት ነው የተሳካው። ከዚያ 15 ዓመት ጠፉ። ዋንጫ ያገኙት በ«ጤዛ» ነው። በ2021 ደግሞ ሆሊውድ «በመጨረሻ ተቀበላቸው»። ለአገራቸው ፊልም ግን ጠብ ያደረጉት ነገር የለም።

አንድ በአንድ ልያዛቸው። ቅደም ተከተሉን እንደሚመቸኝ አደርገዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ በእኛ ስቆጥር እናገራለሁ።

በትንሹ ልጀምር። ኃይሌ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሠሪ አይደሉም። «ሂሩት አባቷ ማነው» በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ሲታይ ኃይሌ ገና አገር ቤት ያሉ ወጣት ነበሩ። የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ም አለ፤ ዛሬ የፊልም ሽልማታችን ስሙን የወረሰው ከእሱ ነው። ኃይሌን ለማክበር ሌሎቹን ማጥፋት አያስፈልግም። ያልሆኑትን ብንጨምርላቸው የሆኑትን ሰው እንዳያምነን ብቻ ነው የምናደርገው።

«ሲኒማን ያገኙት አሜሪካ ነው» የሚለው ግን ወፈር ያለ ስህተት ነው።

ኃይሌ በ1946 ጎንደር ነው የተወለዱት። አባታቸው ገሪማ ታፈረ አርበኛ ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» የሚለውን መጽሐፍ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ተውኔት ይጽፉ ነበር፣ ይዘውም ገጠር ለገጠር እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ልጁ ያደገው እዚያ መካከል ነው። ማታ እሳት ዳር ተረት ይሰማል፣ ቀን የአባቱን ቴአትር ያያል። ሲኒማ ቤትም ጎንደር ውስጥ ነበረ። ኃይሌ ራሳቸው በየመድረኩ የሚያነሱት ነገር አለ፤ ልጅ ሆነው ታርዛንን ሲያዩ የሚያጨበጭቡት ለታርዛን ነበር፣ በአፍሪካውያኑ ላይ። ይህን የሚናገሩት ለቀልድ አይደለም። የኋላው ሥራቸው በሙሉ ያንን ጭብጨባ ለመመለስ የተሠራ ይመስለኛል።

በ1967 ቺካጎ የሄዱት ለፊልም አልነበረም። ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ትወና ሊማሩ ነው። ከዚያ በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ወደሚባለው ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። ጸሐፊው እዚህ ላይ «የሆሊውድ ጎረቤት ሆነው ተማሩ» ይላሉ። ጎረቤት መሆንስ ጎረቤት ነበሩ። ግን ምን ዓይነት ጎረቤት? ቻርልስ በርኔት፣ ላሪ ክላርክ፣ ቢሊ ዉድቤሪ፣ ጁሊ ዳሽ በዚያ ዘመን እዚያው ግቢ ያለፉ ጥቁር ፊልም ሠሪዎች ናቸው። ይህ ስብስብ በኋላ «የኤልኤ (የሎስ አንጀለስ) አመፅ» ተባለ። ያመፁት በማን ላይ እንደሆነ ከስሙ ቀጥሎ መጠየቅ ነው፤ አጥሩን ተሻግሮ በሚታየው ሆሊውድ ላይ። ደግሞ ከዚያ ግቢ አንድ የእኛ ሰው ነበሩ፣ ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል። ስለ ሦስተኛው ዓለም ሲኒማ የጻፉት ዛሬም በየፊልም ትምህርት ቤቱ ይነበባል። ጽሑፉ ስማቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳም።

አሁን ወደ «ሁለት ፊልም ብቻ» እንሂድ። ይህ ነጥብ ነው እንድጽፍ ያደረገኝ።

በ1972 ተማሪ ሳሉ «ቻይልድ ኦቭ ሬዚስታንስ»ን ሠሩ። መነሻው ጥቁር አሜሪካዊቷ የመብት ታጋይ አንጄላ ዴቪስ እጇ በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ሲያዩ ያለሙት ሕልም ነው። «ቡሽ ማማ» ተከተለ። ዶሮቲ የምትባል ሴት አለች። ባሏ ከቬትናም ተመልሶ ባልሠራው ወንጀል እስር ቤት ይገባል። እሷ ሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ከልጇ ጋር ትቀራለች። የፊልሙ መክፈቻ ላይ ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ትወና አይደለም። የሚፈተሹት የኃይሌ የቀረፃ ባልደረቦች ናቸው። ካሜራ የያዘ ጥቁር ያስጠረጥር ነበርና ፖሊስ መጣ፣ ካሜራው ደግሞ መቅረፁን አላቆመም። ያንን ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ ማስገባት የአንድ ተማሪ ውሳኔ ነው። እኔ የሥራ ዘመናቸውን ዋና ዋና ምዕራፎች ብጽፍ ከዋንጫዎቹ በፊት ይህን አስቀድማለሁ።

ከዚያ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አለ። ይህን ፊልም ሳይጠቅሱ ስለ ኃይሌ መጻፍ እንዴት እንደተቻለ አልገባኝም። በ1974 ክረምት፣ በትምህርት ቤት ዕረፍታቸው መጥተው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው የቀረፁት። ጊዜውን አስቡት። የዘውዱ ሥርዓት እየፈራረሰ ነው። ማን እንደሚተካው በውል የሚያውቅ የለም። በዚያች ክፍተት በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም አንድ ባላባትና የሚያርሱለትን ገበሬዎች ቀረፁ። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል። ቤተሰቡ ያርሳል። ከበበ የሚባል እብድ የሚሉት ሰው አለ፤ መሬቱን ተነጥቋል፣ እውነቱን የሚናገረውም እሱ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚሄድ፣ ዝግ ያለ ፊልም ነው። አብሮኝ ያየው ጓደኛዬ መሃል ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አልፈርድበትም። ግን ከሳምንት በኋላ ስለዚያ ወንበር ያወራኝ እሱ ነው።

ይህ ፊልም በ1976 በስዊዘርላንዱ የሎካርኖ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ። ስለዚህ «ዋንጫ ያገኙት በጤዛ ነው» የሚለውም እዚሁ ይፈርሳል። ከሎካርኖ እስከ «ጤዛ» 32 ዓመት ነው። መካከል ላይ ደግሞ በ1982 የሠሩት «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» አለ፤ ከቬትናም ስለተመለሰ ወታደር ነው፤ በርሊን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዓለም አቀፍ የፊልም ሃያስያንን ሽልማት አግኝቷል። እውነቱን ለመናገር እኔ ይህን ፊልም ከባድ ከሚባሉት ሥራዎቻቸው እቆጥረዋለሁ፤ ንግግሩ ይበዛብኛል። አልወደውም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። በ1979 የተሠራው «ዊልሚንግተን 10 ዩኤስኤ 10 ሺህ» እና የገጣሚው ስተርሊንግ ብራውን ዘጋቢ ፊልምም አሉ። ቁጥር ይበቃል።

«ሳንኮፋ» ላይ ጸሐፊው የተጠቀሙት ቃል «ዕድል» ነው። «በትክክለኛው ሰዓት የወጣ ፊልም» ይላሉ። እዚህ ጋ ትንሽ ቆየት ብዬ ልነጋገር።

ታሪኩን ታውቁት ይሆናል። ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ጋና ውስጥ ባለ የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ትነሳለች። ቦታው ለእሷ ማስጌጫ ብቻ ነው። ምድር ቤቱ ስትገባ ግን ዘመን ወደ ኋላ ይነጥቃትና የእርሻ ባሪያ ሆና ትነቃለች። ስሙ የአካን ቃል ነው፤ ተመልሰህ አምጣ እንደማለት። (ጽሑፉ «ስዋሂሊ ነው» ይላል። አይደለም።)

ፊልሙ በ1993 በርሊን ውድድር ላይ ቀረበ። ከዚያ አሜሪካ ገባ። አከፋፋይ አልተገኘም። ባሮቹ የሚያምፁበት፣ ነጭ አዳኝ የሌለበት ፊልም ማን ይገዛዋል? አንድም ትልቅ ኩባንያ አልነካውም። ሌላ ሰው ቢሆን የፊልሙን ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ ሰቅሎ፣ ስለ ዘረኝነት ንግግር እያደረገ ይኖር ነበር። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና፣ እሷም ፊልም ሠሪ ናት፣ ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ፊልሙን ራሳቸው አሳዩ። ሰው ተሰለፈ። ሳምንቱ አልቆ ሌላ ሳምንት ተጨመረ፣ ደግሞ ሌላ።

ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ። አሠራሩን ስሰማ ትዝ ያለኝ ዕቁብና ዕድር ነው። አንድ ከተማ ይሄዳሉ፣ የሰፈሩን ሰው ሰብስበው ፊልሙን በቅድሚያ ያሳያሉ። ያየው ሰው ለኪራዩ ገንዘብ ያዋጣል፣ ወሬውን ይነዛል፣ ሲኒማ ቤቱ ይያዛል። በእንዲህ ያለ መንገድ ከ30 በላይ ከተሞችን አዳረሱ። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ 2.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ሳይገዛ፣ ከጀርባው ስቱዲዮ ሳይቆም።

ይህ ዕድል ከሆነ ጤፍ አርሶ፣ አርሞ፣ አጭዶ ያፈሰ ገበሬም ዕድለኛ ነው።

ደግሞ ነገሩ በ1993 የተጀመረ አይደለም። የራሳቸውን ማከፋፈያ ድርጅት፣ ማይፌዱ ፊልምስን፣ ያቋቋሙት ከዚያ 10 ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ነው። የራሳቸውንም የሌሎች ጥቁር ፊልም ሠሪዎችንም ሥራ በእሱ ያከፋፍሉ ነበር። ማን ፊልም እንደሚያይ፣ የትኛው ከተማ ማንን መጥራት እንዳለባቸው ሲያጠኑ ነው የከረሙት። «ሳንኮፋ» ሲመጣ መንገዱ ተጠርጓል። እንዲያውም በ1980ዎቹ መጨረሻ በታተመ ጽሑፋቸው ይህንኑ ሐሳብ ሦስት ማዕዘን ያለው ሲኒማ ብለው አስቀምጠውታል፤ ፊልም ሠሪው በአንድ ጥግ፣ ተመልካቹ በሌላው፣ ሃያሲና አራማጁ በሦስተኛው። የጽሑፉ ርዕስ ውስጥ «ድንቅነሽ» ከ«ሉሲ» ጋር ትፋጠጣለች። አጥንቷ የእኛ፣ ስሟ የእነሱ። ነገሩ የማን ታሪክ፣ በማን ስም ነው የሚለው ነው።

«15 ዓመት ጠፉ» ወደሚለው ልለፍ። ከ1993 እስከ 2008 ማለት ነው። የት ጠፉ? በ1994 ደርግ ከወደቀ በኋላ አገሩን ዞረው ቀይ ሽብር በሰዉ ላይ የተወውን ጠባሳ ያዩበትን «ኢምፐርፌክት ጆርኒ»ን ለቢቢሲ ሠሩ። በ1999 «ዐድዋ»ን አወጡ። በዚያው በ1990ዎቹ መጨረሻ ዋሽንግተን ጆርጂያ አቨኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ «ሳንኮፋ» የተባለውን የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ከነካፌው ከፈቱ። ዲሲ የኖረ ሐበሻ ቤቱን ያውቀዋል። እኔ መጀመሪያ የገባሁት ከዝናብ ላመልጥ ነበር። ቡና አዘዝኩ፣ መደርደሪያውን ማየት ጀመርኩ፣ ስወጣ ዝናቡ ከቆመ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ለኪራይ ያስቀመጥኩት ገንዘብም ትንሽ ጎድሏል።

ማስተማሩን እንዳንረሳ። ከ1975 ጀምሮ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲያስተምሩ አሥርታትን አሳልፈዋል። ብራድፎርድ ያንግ የእሳቸው ተማሪ ነው፤ «ሰልማ»ን የቀረፀው፣ በ«አራይቫል» ለኦስካር የታጨው። ፊልም ሠሪው አርተር ጃፋም ከዚያው ከሃዋርድ የወጣ ነው። ጸሐፊው ዳይሬክተር ፊልም ባላወጣበት ዓመት ሥራ ፈት ነው ብለው የሚያስቡ ይመስላል። በዚህ ስሌት ዘር የሚዘራ ሰው እህል እስኪያፍስ ድረስ ሥራ ፈት ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ እነዚያ ዓመታት «ጤዛ»ን የመሥራት ዓመታት ናቸው። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ብቻ 14 ዓመት ፈጅቷል። ይህን ጽሑፉ እንደ ድክመት ነው ያቀረበው፤ «ቢስማሙ ኖሮ ፈጥነው ይሠሩት ነበር» ይላል። ከማን ጋር ነው የሚስማሙት? አንበርብር የሚባል ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ኢትዮጵያዊ፣ አብዮቱን አይቶ፣ እግሩን አጥቶ፣ ጣና ዳር ወዳለ መንደሩ እናቱ ዘንድ ሲመለስ የሚያሳይ፣ አብዛኛው በአማርኛ የሆነ ፊልም ነው። ሆሊውድ ውስጥ ለዚህ የሚከፍል ሰው ቢገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንበርብርን ወደ ጎን ገፍተው ፊልሙ ውስጥ ያለችውን ጀርመናዊት ሴት ፊት እንዲያመጡለት ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ግን ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ስለ «ጤዛ» ዋንጫዎች ጸሐፊው የጻፉት ትክክል ነው፣ ይልቁንም አሳንሰውታል። በ2008 ቬኒስ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ሽልማት ነው ያገኘው፣ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት። ቱኒዚያ ውስጥ የካርቴጅ ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማ ታኒትን፣ ወሰደ። በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶው የዋጋዱጉ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ። የኋለኛው በአፍሪካ ሲኒማ ትልቁ ነው። ርዕሳቸው «አንድ ዋንጫ» ማለቱ እንግዲህ ከራሳቸው ዝርዝርም ጋር አይገጥምም።

እናም 2021። «ሆሊውድ በመጨረሻ ተቀበላቸው።»

የሆነውን እናስታውስ። መስከረም ወር ላይ የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም ሎስ አንጀለስ ሲከፈት «ቫንቴጅ» የተባለውን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ለኃይሌ ሰጠ። በዚያው ወር «ሳንኮፋ» ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ያወጣው ደግሞ ስቱዲዮ አይደለም፤ የጥቁር አሜሪካዊቷ ዳይሬክተር የኤቫ ዱቨርኔ ድርጅት፣ አሬይ፣ ነው። አሬይ የሚሠራው ሥራ ደግሞ፣ አከፋፋይ ያጡ ፊልሞችን ማከፋፈል፣ ኃይሌና ሺሪኪያና መኪናቸው ላይ ኮፒ ጭነው ይሠሩት የነበረው ዓይነት ነው። ከዓመት በፊት በ2020 የልጃቸው መራዊ ገሪማ «ሬዚዱ»ም በዚሁ በአሬይ በኩል ነበር የወጣው። ታዲያ ማን ነው ወደ ማን የመጣው? 28 ዓመት ሙሉ ፊልሙ አልተቀየረም። አንድ ትዕይንት አልተቆረጠም። ቤቱን የሠራ ሰው በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ ሲመጣ ቢያይ «በመጨረሻ ተቀበሉኝ» አይልም።

ወደ መጨረሻው ክስ እንምጣ፤ ለአገራቸው ፊልም ምንም አላደረጉም የሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ ልክድ አልፈልግም። «ምርት»ን እኔ ራሴ ያየሁት 30 ዓመቴን ካለፍኩ በኋላ ነው፣ ያውም ባሕር ማዶ። በ2006 የማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም ፋውንዴሽን ከቦሎኛ የፊልም ማኅደር ጋር ሆኖ አሳደሰው፣ ካን ላይ ታየ። የጎንደር ልጅ ግን ዛሬም ይህን ፊልም ላየው ቢል የት ሄዶ እንደሚያየው ልነግረው አልችልም። «ሳንኮፋ»ን ያየሁት ደግሞ ኮፒ የኮፒ በሆነ ካሴት ነው፤ ፊቶቹ ሁሉ ሰማያዊ ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ሆን ተብሎ እንዲያ የተሠራ መስሎኝ ነበር።

ይህ ጉድለት ነው። ግን የማን ጉድለት? ሰውየው ሁለት ትላልቅ ልቦለድ ፊልሞችና የዐድዋን ዘጋቢ ፊልም አገር ቤት መጥተው፣ በአገሩ ቋንቋ ሠርተዋል። ገበሬን፣ ምሁርን፣ አርበኛን ቀርፀዋል። ፊልሞቹን ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥ፣ በየትምህርት ቤቱ ማሳየት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ዋሽንግተን ላይ ሲኒማ ቤት የተከራዩት ሰውዬ አዲስ አበባም መጥተው ይከራዩ ነው የምንለው?

ጽሑፉ የሚዘጋው 2021ን «የፊልም ሕይወታቸው መደምደሚያ» ብሎ ነው። ጡረታ ወጡ ለማለት ይመስላል። ኃይሌ ግን ጣሊያን በእኛ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስለወረረበት ጦርነት ዘጋቢ ፊልም ከዚያም በኋላ ሲሠሩ ቆይተዋል። ቀላል ሥራ አይደለም። ያ ጦርነት የተቀረፀው በአብዛኛው በወራሪው ካሜራ ነው። የአርበኞቹን ፊት ፍለጋ ጠላት ያነሳውን ምስል ማገላበጥ ያስፈልጋል። አባታቸው ይህንኑ ጦርነት በብዕር ጽፈውታል፣ «ጎንደሬ በጋሻው» ብለው።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚኖር ቃል ገብተዋል። ከዚህ ቢጀምሩልኝ ደስ ይለኛል። ሲወጣ አነበዋለሁ፤ ጓደኞቼም መላካቸው አይቀርም።